ረቡዕ ረቡዕ የሚስተው ሽጉጥ

ባለፈው ቅዳሜ አትላንታ አጠገብ ስማይርና ያለውን የቤታችንን ጋራዥ ስናጸዳ፣ ልጄ ሣራ ከመደርደሪያው ጥግ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች። ስትከፍተው አሮጌ የእንጨት እጀታና ሁለት ሦስት ቁርጥራጭ የሽቦ ጥምዝ አገኘች። «ዳዲ፣ ይሄን ትራሽ ላድርገው?» አለችኝ።

«ተዪው!» ብዬ ጮኽኩባት። እሷም ደነገጠች፣ እኔም ደነገጥኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ያልበረደ ንዴት እንዳለብኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ያኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ መጋዘን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እገባና ሰባት ሰዓት ላይ እወጣለሁ። አለቃችን ሚስተር ዋልተር ጡረታ ሊወጡ የደረሱ የጆርጂያ ሰው ነበሩ፤ ፍቅራቸው ኢላማ ተኩስ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ጡረተኞችና እንደኛ ማለዳ የሚገቡ ሠራተኞች ወደሚወዳደሩበት ክለብ ወሰዱኝ። ፋሲካ ካለፈ ሳምንት አልሆነውም ነበር። ተኮስኩ፣ መታሁ፣ ጉድ ተባለ።

ዓይናቸው ስለደከመ ሠላሳ ዓመት የተኮሱበትን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ለኔ ሰጡኝ። «በመጪው ጸደይ ፍሎሪዳ፣ ልጄ ዘንድ መግባቴ ነው» አሉኝ። «ከመሄዴ በፊት ይቺን ሽጉጥ ግድግዳው ላይ አውጣልኝ።» የክለቡ ግድግዳ ላይ የሚጻፈው የየዓመቱ አሸናፊ ስምና የተኮሰበት መሣሪያ ነው። እሳቸው ስንት ጊዜ ሁለተኛ ወጥተዋል፤ አንደኛ ግን አንድም ቀን። አወጣታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

በዓለ ሃምሳ ካለፈ በኋላ ነገር ተበላሸ። ቅዳሜ ስለማመድ የኢላማውን ወረቀት መሃል እበሳዋለሁ። ረቡዕ ስወዳደር ጥይቱ ዳር ዳሩን ይዞራል። ሽጉጡ አርጅቷል አልኩ። የእንጨት እጀታውን አውልቄ በጎማ ቀየርኩት፤ አልሆነም። የኋላ ማነጣጠሪያውን አስቀየርኩ፤ ባሰበት። ምላጩ ከብዶኝ ነው ብዬ ደግሞ መርፌውን የሚገፋውን የሽቦ ሞላ ትንሽ ቆረጥኩለት። ለሰለሰልኝ፣ ደስ አለኝ፣ ረቡዕ ሄጄ እንደ ልማዴ ሳትኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በጋው አልፎ ቅጠል እስኪረግፍ ድረስ ያቺን ምስኪን ሽጉጥ ስፈታና ስገጥም ከረምኩ።

ሚስተር ዋልተር ከመንገድ ዳር የገዙትን የተቀቀለ ኦቾሎኒ በወረቀት ከረጢት ይዘው ይመጣሉ። ጨው የጠጣ ነው፤ ትኩስነቱ ከረጢቱን ያረጥበዋል፤ ሽታው ብቻ ምራቅ ያስውጣል። «እጅህ ይንቀጠቀጣል። ምሳ በልተሃል?» ይሉኛል።

«በልቻለሁ» እላለሁ። ውሸቴን ነው። እንዲህ ያለ ጾም አለን ብሎ ማስረዳቱ ታከተኝ፤ የተራበ ሰው መምሰሉንም አልወደድኩትም።

ዐቢይ ጾም ገባ። የክለቡ ዓመት የሚዘጋበት ውድድር ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ ጥሩ ተኩሼ ቤት ስገባ ባለቤቴ አልማዝ ወረቀቱን አየችው። ሽጉጥ በእጇ ነክታ አታውቅም።

«ቅዳሜ ቁርስህን በልተህ ትመታለህ። ረቡዕ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመህ፣ በዚያ ላይ ከሌሊት ጀምሮ ካርቶን ስታነሳ ውለህ ትስታለህ። ሽጉጡ ምን አደረገ?»

«እንደሱ አይደለም ባክሽ» አልኳት። እንደሱ መሆኑ ግን ወዲያው ገብቶኛል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለኔ ነበር። ተናደድኩ፣ አፈርኩ። ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ጉጠቴን አንስቼ ሞላውን አንድ ዙር ደግሜ ቆረጥኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ፤ የአልማዝ ነገር ብቻውን ልክ እንዳይሆን፣ ሽጉጡም ጥፋት እንዲገኝበት ነው።

ረቡዕ ዕለት የጥድ ብናኝ የአትላንታን መኪና ሁሉ ቢጫ አልብሶት ነበር። በመጨረሻው ተራ ልተኩስ ብዬ ለመንኩ፤ ፈቀዱልኝ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስተር ዋልተርን ኦቾሎኒ ጠየቅኋቸው። ደስ ብሏቸው ከረጢቱን እንዳለ ሰጡኝ። በላሁ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ቆምኩ። እጄን አየሁት፤ ቀጥ ብሏል።

ምላጩን ሳብኩ። ቀጭ። ደገምኩ። ቀጭ። ከስድስቱ የጮኹት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም መሃል ገቡ።

ሚስተር ዋልተር ካልፈነዱት ጥይቶች አንዷን አንስተው ቂጧን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። መርፌው ጭሯታል እንጂ አልወጋትም።

«ሞላውን ነክተኸዋል እንዴ?»

«አልነካሁም። ጥይቱ ነው የከሸፈው።»

«ይሆናል» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወጡ። በወሩ ፍሎሪዳ ገቡ፤ ካረፉ አሁን ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እኔ አዲስ ሞላ አስመጣሁ፤ ለመግጠም ሩብ ሰዓት እንኳን አልፈጀም። ሽጉጡ እስከ ዛሬ እንከን የለውም። ግድግዳው ላይ ግን አልወጣም።

ሣራ ቆርቆሮውን እንደያዘች ትጠብቀኛለች። «የሽጉጥ ሞላ ነው» አልኳት። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

አልማዝ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ጥይቱ ነው የከሸፈው ትል አልነበር እንዴ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት?»

«ጥይቱ ደህና ነበር» አልኩ።

ትስቅብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀችም። ቆርቆሮውን ከሣራ ተቀብላ ከድና ወደ ቦታው መለሰችው። ሰው እርቦኛል ማለት ሲያፍር ስንት ደህና ዕቃ ያበላሻል! ለነሱ ስናገር እንዲህ የቀለለኝ ነገር፣ ያን ቀን ለሚስተር ዋልተር ለመናገር «ቆረጥኩት» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈልገው። ስለ ኦቾሎኒው እንኳን አላመሰገንኳቸውም።