በሞቴ የማይባልበት አገር

የወጣሁበትን ማታ ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የእማ «አፈር ስሆን ብይ» ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን በጎረቤት ተሞልቷል፣ ዱዓ ተደርጓል፣ ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል፣ እኔ ደግሞ «ጠግቤያለሁ» እላለሁ። ወላሂ አልጠገብኩም! ግን እኛ ወሎዬዎች እንዲህ ነን፤ መጀመሪያ እንቢ፣ ቀጥሎ «ኧረ ተዉኝ»፣ ከዚያ በሞቴ ሲባል ነው እጅ የሚዘረጋው። ቶሎ እሺ ያለ ሰው ስግብግብ ይባላል። ይኼን ጠባይ እንደያዝኩ ነው ቱርክ የገባሁት።

አብራኝ የሄደችው ሃያት ናት። የኮምቦልቻ ልጅ፣ የጥርስ ሕክምና አብራኝ የተማረች። አሁን ደግሞ ኦርቶዶንቲክስ፣ ማለትም የተወላገደ ጥርስ ማቅናት፣ እንድንማር ኢዝሚር ያለ ዩኒቨርሲቲ ሁለታችንንም ተቀበለን። ከመጀመሪያው ቀን ቀናሁባት፤ ምን እደብቃለሁ። የደሴ ብርድ ያሳደገኝ እኔ በኢዝሚር ሙቀት እንደ ቅቤ ስቀልጥ፣ እሷ «ልክ እንደ ኮምቦልቻ!» እያለች ትዘንጣለች። አየሩ እንኳ ለእሷ አደላ።

ቤት ያከራዩን ሴትዮ ፋትማ ተይዜ ይባላሉ፤ ተይዜ አክስቴ እንደማለት ነው። በገባን ዕለት ቾርባ የሚሉትን የምስር ሾርባ ይዘው መጡ።

«ትበያለሽ?»

«አይ፣ ጠግቤያለሁ፣ አመሰግናለሁ።»

«እሺ» አሉና ሳህኑን ከፊቴ አነሱት። አነሱት እኮ! ሃያት «እኔ እበላለሁ» ብላ የእኔንም ደረበች። እኔ እማ የቋጠረችልኝን ቆሎ እየቆረጠምኩ ተኛሁ።

አሁን ወደ ዋናው ቁስሌ። ይህን ትምህርት የመረጥኩት በራሴ አፍ ምክንያት ነው። ሕፃን ሆኜ ተቅማጥ ሲይዘኝ «ግግ ነው» ተባለና ገና ያልበቀለ ክራንቻዬ ከድዴ ውስጥ ተፈልፍሎ ወጣ። ካደግሁ በኋላ በዚያ ቦታ ጥርስ ሳይወጣ ቀረ፤ ጎረቤት ጥርሶቹም ወደ ክፍተቱ ተጋደሙ። እስከ ዛሬ ስስቅ አፌን በሻሼ ጫፍ እሸፍናለሁ። እማን አልወቅስም፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው ብላ ነው። ግን ደሴ ውስጥ እንደኔ የሆኑት ልጆች ጥርሳቸው እንዴት እንደሚበቅል፣ ምን እንደሚደረግላቸው ማጥናት ፈለግሁ። ሌላ ነገር ከዚህ አገር አልፈለግሁም።

የክፍላችን ኃላፊ ፕሮፌሰር ሰብስበውን የዓመቱን የምርምር ቅድሚያ አስታወቁ። ከእንግዲህ ጥርስ የሚያቀናው ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ግልጽ ፕላስቲክና ኮምፒዩተር ነው አሉ። ሽቦው እንኳ አርጅቷል፤ ግግንማ ማን ሰምቶት! ቢሆንም ተራዬ ሲደርስ ስለ ደሴ ልጆች ተናገርኩ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ከቅድሚያችን ውጭ ነው። ግን ለአንድ ጥናት የሚሆን ትርፍ በጀት አለኝ። ያስፈልግሻል?»

ልቤ ልትወጣ ደረሰች። አፌ ምን አለ መሰላችሁ?

«አይ፣ ምን አስቸግርዎታለሁ። እንደምንም እወጣዋለሁ።»

እና ጠበቅሁ። አንዴ በሞቴ እስኪሉኝ።

«እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ!» አሉና ወደ ሃያት ዞሩ። «አንቺስ?»

«ያስፈልገኛል። ሁሉም።»

የእሷ ጥናት ምን መሰላችሁ? ግልጹ ፕላስቲክ በቡና ይበልዛል ወይ! ቡና የሚወድ ሕዝብ የት አለ ተባለ፤ ኮምቦልቻ ነዋ! የአውሮፕላን ትኬት ተቆረጠላት፣ አፍ ውስጥ ገብቶ የጥርስ ፎቶ የሚያነሳ ስካነር ተሰጣት። ሻንጣዋን እየዘጋች «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማሽም?» አለችኝ። ሳቅሁና «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። ውስጤ በቅናት አርሯል፤ ሻንጣዋ መንገድ ላይ ይጥፋ ብሎ ይመኛል። አስተግፊሩላህ።

ትናንት ቤት ደወልኩ። የእማን ስልክ ማን ቢያነሳው ጥሩ ነው? ሃያት! እኛ ቤት፣ መከዳዬን ተደግፋ እንደሆነ አልጠራጠርም። እማ ስታጎርሳት ነው መሰለኝ አፏ ሙሉ ነው።

«ሉባባ! ስካነሩን ይዤ እናትሽን ልጠይቅ መጣሁ። ደጁ በሰፈሩ ልጆች ተሞልቷል፣ ግግ የወጣላቸውም አሉ። ለጥናትሽ ጥርሳቸውን ፎቶ ላንሳልሽ?»

ያ ረቢ። የምፈልገው ሁሉ በእሷ እጅ። ከእሷ መቀበሉ ደግሞ እንደ እሬት መረረኝ።

«ተይው፣ አንች ደግሞ። የራስሽ ሥራ አለሽ።»

የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ ወጉን ታውቃለች፣ በሞቴ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እሺ በቃ» አለችና ስልኩን ለእማ ሰጠቻት።

«ምን ጎደለሽ ልጄ?» አለችኝ እማ።

«ምንም። አልሐምዱሊላህ።»

«በሞቴ ንገሪኝ።»

«ኧረ ምንም፣ እማ።»

«አፈር ስሆን፣ ሉባባ። ድምፅሽን የማላውቀው መሰለሽ?»

እንባዬ መጣ። «ሃያትን ስጪኝ» አልኳት። «ልጆቹን ታንሳልኝ፣ በያት።»

«ውይ! አሁን እኮ ወጣች። ትንሽ ቆዪ ብላት፣ የኮምቦልቻ መኪና እንዳያመልጠኝ ብላ በባጃጅ ሄደች። ልጆቹም ተበተኑ።»

የሃያት ቁጥር ስልኬ ላይ አለ። መደወል ነው እንጂ ሌላ ምን አለው። ከትናንት ጀምሮ ቁጥሯን አወጣለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ፤ ምናልባት እሷ ትደውል ይሆናል እያልኩ።