«ጋኤ» ብለዋል ያልኩት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳን አልነገርኩም። ቀኖና ሰጥተው ያሰናብቱኛል፣ እኔም በዚያ ተገላገልኩ ብዬ እተኛለሁ ብዬ ፈራሁ። እናንተ ግን ስሙኝ።

እኔ መሐንዲስ ነኝ። ጅማ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ አሸዋማ መሬት ላይ የሚሠራ ሕንፃ መሠረት እቆጣጠር ነበር። ሕንፃውን ሁለት ነገሮች ተጋግዘው እንዲሸከሙት ነበር የታሰበው፤ ራፍት የምንለው ወፍራም የኮንክሪት ወለልና ከሥሩ ወደ ታች የሚወርዱት የኮንክሪት ምሰሶዎች፣ ፓይሎቹ። ቆፋሪው አባ ፊጣ ነበሩ። ጅማ አጠገብ ያለችው የየቡ ከተማ ሰው ናቸው፤ በማሽኑ ድምፅ ብቻ ከታች ያለው አሸዋ ልል ይሁን ጥብቅ የሚያውቁ ሽማግሌ። ጥልቀቱ ሲሞላ «ጋኤ!» ይላሉ፣ በኦሮምኛ ደረሰ ማለት ነው። እኔም መዝገቡ ላይ «ደረሰ» ብዬ እጽፋለሁ።

የአንዷ ማዕዘን ሦስት ፓይሎች ላይ ግን ጋኤ አላሉም። «ኢንጂነር፣ ህን ጌኜ። አልደረሰም፣ አሸዋው ገና ልል ነው» አሉኝ። ዝናቡ መጥቷል፣ ጉድጓዱ ይናዳል፣ አለቃዬ ይጮህብኛል። እኔ ምን አደረግኩ? የቀረውን ራፍቱ ይሸከመዋል አልኩና «ደረሰ» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩ። አስልቼ ነበር? አላሰላሁም።

አሸዋ እንደ ጭቃ ዓመታት አይጠብቅም፤ ሸክም ሲያርፍበት ወዲያው ይሰጥማል። የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ፣ የኮንክሪት ወለሉ፣ ሲሞላ ማዕዘኗ ወረደች፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ሰው አልተጎዳም፣ ሥራው ግን ቆመ። አጣሪዎቹ ሲጠይቁኝ ምን ብል ጥሩ ነው? «ቆፋሪው ጋኤ አለኝ፤ ኦሮምኛዬ ደካማ ስለሆነ ሌላ ሳልጠይቅ አመንኩት» አልኩ። ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ሰው! አባ ፊጣ ተባረሩ። ከዚያ ወዲያ ማሽን ያስነካቸው የለም።

እኔ አሁን ከጅማ ከፍ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። አምኖ የሚቀርበኝ ሰው ሲመጣ እኔው እሸሻለሁ።

ዘንድሮ ጨክኜ የቡ ሄድኩ። ቡና ሲለቅሙ አገኘኋቸው። አልተቆጡኝም፤ ምነው በተቆጡ! «ወላሂ ከአንተ ሌላ ነገር አልፈልግም» አሉኝ። «ልጄ ያፍርብኛል። አባትህ ጋኤ አላለም በለው። ያው፣ ቤት አለ።»

«እሺ» አልኳቸውና አብረን ወደ በሩ ሄድን። ልጃቸው ወጣ፤ ትልቅ ሰው ነው፣ የልጆች አባት። ሲያየኝ አንገቱን ደፋ።

«ዲፋማ ኢንጂነር» አለኝ፤ «አባቴ ባጠፋው ስምዎ ጠፋ። ይቅር ይበሉን።»

አባቱ ከጎኔ ቆመው ይጠብቃሉ። እኔ አፌን ከፈትኩ።

«ግዴለም» አልኩት፤ «ይቅር ብያለሁ።»

ይቅር በሉኝ አልልም።