ሞጣ ያለው ኩላሊት

ከአየሁሽ ሁለት ኩላሊቶች አንዱ የሚኖረው ሞጣ ነው። የቢቸና ሰው ጤናዋን ሲጠይቃት፣ «እኔስ ደህና ነኝ፤ የሞጣው እንዴት እንደዋለ እንጃ» ትላለች። ከዓመታት በፊት ለታናሽ ወንድሟ ለታዘበው የሰጠችው ነው። ገበያ ቀን ጌሾዋን ዘርግታ ተቀምጣ ዓይኗ ከደን ሲል፣ ያ ኩላሊቷ ሞጣ ላይ ሲመላለስ፣ ዝናብ ሲይዘው፣ በታዘበው ሆድ ሆኖ ሰርግ ሲሄድ ይታያታል። ፈገግ ትላለች። ደንበኛ ደግሞ ፈገግታዋን እንደ ዋጋ ቅናሽ ይቆጥረዋል።

ዘንድሮ ግን በቀራት በአንዱ ላይ ዕጢ በቀለበት። አዲስ አበባ ያየቻት ሐኪም፣ ዶክተር ጸደንያ፣ ነገሩን አልሸፋፈነችም። ሆዷን ሳትከፍት በጥቃቅን ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብታ ዕጢውን ብቻ ቆርጣ ልታወጣ፣ ኩላሊቱን ልታተርፍ ነው። ካልተሳካ ግን ኩላሊቱ ራሱ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ኑሮ ከደም ማጠቢያ ማሽን ጋር ነው።

ታዘበው ይህን ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«እታለም፣ ያንችን መልሰው ይስጡሽ። እኔ ብዙ ኖርሁበት።»

«ዝም በል፤ ሰጥቶ መልሶ መቀበል የኛ ቤት ወግ አይደለም» አለችው። ፈርታለች ግን፤ ምኑ ይደበቃል!

የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት ነርሱ መጣ።

«እናቴ፣ እህል ውሃ ቀምሰዋል?»

«ኧረ በጭራሽ! ጠበሌን ብቻ ነው የጠጣሁ።»

«ምን ያህል?»

«ሃይላንዱን ጨረስሁት።»

ታዘበው ከሞጣ ይዞላት የመጣ ጠበል ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በጾም ቀን ጠጥታዋለች፤ ጾም ገደፈች ያላት ቄስ የለም። ታዲያ የሐኪም ጾም በምን ይለያል? ዶክተር ጸደንያ ልትቆጣ መጥታ ሳቋ ቀደማት። «እርስዎ ይለዩታል፤ በማደንዘዣ ተኝተው ወደ ሳንባዎ ቢገባ ግን ሳንባዎ ጠበልና ውሃ አይለይም» ብላ ቀዶ ጥገናውን ለማግሥቱ አዛወረችው። አየሁሽ በልቧ ደስ አላት። ከኩላሊቷ ጋር አንድ ቀን ተጨመረላት።

በማግሥቱ ማደንዘዣው ሲወስዳት ከቢቸና ወደ ሞጣ በእግሯ ትሄድ ጀመር። ጤፉ አብቦ ሜዳው ሐምራዊ ሆኗል፤ መንገዱ ይረዝማል እንጂ አያደክምም። ከጎኗ የሆነ ሰው ይራመዳል። ማንነቱን ለማየት ዞር ባለች ቁጥር ጭጋግ ይጋርደዋል። «ከእኔ ጋር ትመለስ ይሆን?» ብላ ጠየቀችው። እሱ መንገዱን ቀጠለ። እዚያው ሜዳ ላይ ቆማ፣ ለራሷ አንድም ነገር ለምና የማታውቅ ሴት፣ «አትሂድብኝ» ብላ ለመነችው።

ዓይኗን ስትገልጥ ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ኩላሊቱ ተረፈ ወይስ አልተረፈም ብላ ለመጠየቅ ድምፅ አልወጣላትም። ታዘበው አልጋው ሥር ተንበርክኳል። የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት ፊቱን አስጠግቶ ያያል። በሕመሙ ዘመን ጠብታ ሽንት እንደ ዝናብ ሲናፍቅ የከረመ ሰው ነውና፣ ሐኪም ምን አለ ብሎ አልጠበቀም።

«እየሸናሽ ነው!» ብሎ ጮኸ። «እታለም፣ እየሸናሽ ነው!»

በሽተኛው ሁሉ ዞር አለ። አየሁሽ በሐፍረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ቀስ በል እንጂ፣ ሰው ይሰማል» አለችው በሰለለ ድምፅ። ከዚያ ነጠላውን ትንሽ ገለጥ አድርጋ፣ «እስቲ ድገመው» አለችው።