ቁልቁለት ፈላጊው

እሑድ ጠዋት የአሮጌ መኪና ወዳጆች መጠጥ ቤታችን ደጅ ሲሰበሰቡ፣ አንድ ሽማግሌ ሁሌ ሜዳውን ትቶ ቁልቁለቱ ላይ ያቆማል፤ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ታች አዙሮ። ቀይ ናት። የቤተሰብ መኪና ሲሠራ የኖረው ያገራችን ፋብሪካ፣ አንድ ሰሞን የእሽቅድምድም አምሮት ይዞት ያወጣት ናት። ከኋላዋ ክንፍ አላት፤ ከሥሯ ደግሞ የሚንጠባጠበውን ዘይት የሚቀበል የብስኩት ቆርቆሮ አይጠፋም። እሱም ክራባቱን ሳያስር አይመጣም፤ የቆዳ ጓንቱን ሳያጠልቅ መሪ አይነካም።

«ዛሬም ቁልቁለት ላይ?» አለው የጀርመን መኪና የሚነዳው ትሬቨር።

«እይታው ደስ ይለኛል።»

እይታው የቆሻሻ ገንዳ ነው።

ዝናብ ሲጥል ሁላችንም ልንሄድ ተነሣን። ሰውየው ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢያዞር፣ ሞተሩ ዝም አለ። ትሬቨር ሳቁን ለቀቀው።

«እኔ የምለው ጋሼ፣ ይቺን ‹ምንም እንከን የላትም› ብሎ ፈርሞ ከፋብሪካ ያስወጣት ሰው ምን ነክቶት ነው?»

ሰውየው ጓንቱን ጠበቅ አደረገ።

«ዓርብ ከሰዓት ነበር» አለ። «ወደ ቤት ልሄድ ቸኩዬ ነበር።»

ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀና ቁልቁል ተንደረደረ። ገንዳው ጋ ሲደርስ ሞተሩ አጓራ።