የሆላንድ እናቴ

የመጀመሪያ ልጄ ከትምህርት ቤቷ የሙዚቃ ቡድን ጋር ሆላንድ ሄዳ፣ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሰንብታ መጣች። ሴዳር ሪቨርሳይድ ያለው አፓርታማችን ገብታ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ «የሆላንድ እናቴ እንዲህ አለች፣ የሆላንድ እናቴ እንዲህ አደረገች» ማለት ጀመረች። እናቴ! ሴትዮዋን ማመስገን ነበረብኝ፤ ልጄን አብልታ፣ አሳድራ በሰላም ልካልኛለች። አላመሰገንኳትም።

ፊልሙ ታጥቦ ፎቶዎቹ ሲመጡ ደግሞ ባሰብኝ። ሴትዮዋ ያንን ቢጫ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ትስቃለች።

«ማን ነው የሠራት?»

«አይ ዲድ!» አለች ልጄ ኮራ ብላ።

ስንት ዓመት ሙሉ «ነዪ ሹሩባ ላስተምርሽ» ስላት፣ አንዴ ጣቴን አመመኝ፣ አንዴ ሆምወርክ አለብኝ ስትል የኖረች ልጅ! የእኔን ፀጉር አንድ ቀን ነክታው አታውቅም። በቅናት ድብን አልኩ።

ሻሼን ፈትቼ ማበጠሪያውን አስጨበጥኳት። ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች፣ በጉልበቶቿ መሃል ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ለእሷ ስንት መስመር ነው የሠራሽላት?»

«ሲክስ።»

«ለእኔ ሰባት አድርጊው።»