አልጣልኩትም፣ አስጣልኩት

ወደ እስር ክፍሉ ስንገባ መምህራችን የወርክሾፕ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ነበሩ። በደረት ኪሳቸው የተሰካውን ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መሞከሪያውን፣ ፖሊሶቹ በር ላይ ወስደውባቸው ጋዋኑን ግን ትተውላቸዋል። ቤቱ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። መስኮት የሚባለው ከቆርቆሮው ሥር ያለ የብሎኬት ክፍተት ነው። ወለሉ በሰው ተሞልቷል፤ የአበባ እርሻ ሠራተኞች፣ አንድ ባለሱቅ፣ ከተጂ በኩል የመጡ ገበሬዎች። ሁሉንም ያስገባቸው ያው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ኑ ተቀመጡ ለማለት በኦሮምኛ "ኮታ፣ ታአ" አሉን። ጠጋ ብለን ተቀመጥን።

ያኔ ሰበታ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪካልና ኤሌክትሮኒክስ እማር ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት የጅማ መንገድ ተዘግቶ፣ ጎማ እየተቃጠለ፣ ወጣቱ በድንጋይ፣ ፖሊሱ በአስለቃሽ ጭስ ሲነጋገር እኛ ወርክሾፕ ውስጥ ነበርን። ስሪ ፌዝ የሚባለውን ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር አስነስተን የምንለካበት ቀን ነው። የሞተሩ ድምፅ ጆሮ ስለሚደፍን ውጭ የሚሆነውን አልሰማንም። የሸሹ ልጆች አጥሩን ዘለው ወደ ግቢያችን ሲገቡ ፖሊሶች ተከትለዋቸው ገቡ።

በሩን ቀድሞ የከፈተው በእኛ ዕድሜ የሚሆን ፖሊስ ነው። "ውጡ!" አለ። ቀጥሎ ያለውን አልሰማነውም። እሱም ገባውና "አጥፉት ይሄን!" እያለ፣ መልስ ሳይጠብቅ፣ ክዳኑ ወደተከፈተው የኤሌክትሪክ ቦርድ እጁን ሰደደ። ሽቦዎቹን በጭብጡ ሊነቅላቸው ነበር።

ቲቸር ጠረጴዛውን እንዴት እንደዞሩት አላየሁም። የፖሊሱን አንጓ ይዘው ወደ ኋላ ሳቡት። በጀርባው ወደቀ፤ ቆቡ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ባልደረቦቹ የደረሱት ይሄኔ ነው። ያዩት፣ አንድ መምህር ፖሊስ ሲዘርር ብቻ ነው። ቲቸር ኃይሉን የሚያቋርጠውን ብሬከር እስኪያወርዱ ድረስ ሁለት ዱላ ትከሻቸው ላይ አርፏል። ከዚያ ሁላችንንም መኪና ላይ ጫኑን።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ክፍሉ ደርሶ ኖሯል። ባለሱቁ በአድናቆት እያያቸው "ፖሊሱን የጣሉት እርስዎ ኖት?" አላቸው።

"አልጣልኩትም" አሉ ቲቸር። "አስጣልኩት።"

"ከምን?"

"ከኤሌክትሪክ።"

ባለሱቁ ቅር አለው። ክፍሉ በሙሉ ቅር ያለው ይመስለኛል። ከመካከላችን አንዱ "ቲቸር፣ ምን አለበት፣ ጣልኩት ቢሏቸው" ብሎ በጆሯቸው ሹክ አላቸው።

"ያልሆነውን?" አሉና ትከሻቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጥፈው ከጀርባቸው አደረጉላቸው።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው እኔን አስጠራኝ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው።

"ቤተሰብ የት ነው?"

"ቡራዩ።"

"እዚህ መሆንህን ያውቃሉ?"

"አያውቁም።" እናቴ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈችው እያሰብኩ ነበር።

"ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። መምህርህ ፖሊስ ሲመታ አይተሃል። እሱን ብቻ ትናገራለህ።"

"ሲይዙት ነው ያየሁት።"

"ሲመታው።"

"አልመቱትም። ቦርዱ ክፍት ነበር፤ ኃይል አለው። ቢነካው ይሞት ነበር።"

"ኤሌክትሪክ ልታስተምረኝ ነው?"

ቃሌን አልለወጥኩም። ለጀግንነት አልነበረም፤ ቲቸር ወዳሉበት ክፍል ተመልሼ እንደምገባ፣ ፊታቸውን እንደማይ እያሰብኩ ነው።

መርማሪው ወደ በሩ ተጣራና ያ ፖሊስ ገባ። ቆቡን በእጁ ይዟል። እኔን አላየኝም።

"ንገረው" አለው መርማሪው። "መምህሩ መትቶሃል አይደል?"

ፖሊሱ ቆቡን በእጁ አዟዟረው። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፈው ሰው እስኪርቅ ጠበቀ።

"ሽቦውን ልይዝ ነበር" አለ። "ሰውየው ባይስቡኝ…"

ባይስቡኝ ነው ያለው፤ በአንቱታ። መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠና "ውጣ" አለ። ማናችንን እንደሆነ ስላልገባን ሁለታችንም ወጣን። ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ትንሽ ቆምን። ከዚያ ጠባቂው መጥቶ ወሰደኝ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና "የኮሌጅ ልጆች፣ ከነመምህራችሁ!" ተባለ። እስክንነሳ ድረስ እንኳ ያመነ አልነበረም። ሽማግሌውን ስሜ ስሰናበታቸው "ነጋቲ" አሉኝ፤ እሳቸው ቀሩ። ደስታዬ የጎደለው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

የግቢው በር ላይ የቆመው ጠባቂ ዱላውን እያወዛወዘ "ሩጡ! ዳግም እንዳላያችሁ!" አለን። እግራችን ሊነሳ ሲል ቲቸር ቆሙ። የጋዋናቸውን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፉ። "ልጆች፣ አንሮጥም" አሉና መራመድ ጀመሩ። እኛም ተከተልናቸው። ጀርባዬን እየበላኝ፣ ዱላ ይመጣል እያልኩ ተራመድኩ። አልመጣም። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ አንዱ ያለምክንያት ሳቀ፤ ከዚያ ሁላችንም፣ ቲቸርም ጭምር፣ እንባችን እስኪፈስ ድረስ ሳቅን።

ዛሬ እዚያው ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በጥገና እሠራለሁ። ከዚያ ወዲህ በአገሩም በእኔም ላይ ብዙ ነገር አልፏል። ብዙ ጊዜ የማስበው ግን ስለዚያ ፖሊስ ነው። ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። መናገሩ ምን እንዳስከፈለው አላውቅም፤ ስሙንም አልጠየቅኩትም። ሚኒባስ ውስጥ በእሱ ዕድሜ ያለ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ አንዳንዴ ፊቱን ሰርቄ አያለሁ። ባገኘው ምን እንደምለው አላውቅም። ደህና መሆኑን ባውቅ ይበቃኛል።