በግቢያችን የቆመችው ጀልባ

ባለፈው ሐሙስ ከመሐል ከተማው ከሚድታውን፣ ከሥራ ስመለስ መንገዱ ተጨናንቆ ከአንድ ጀልባ ኋላ ተያዝኩ። አንድ ፒክአፕ በተጎታች ጭኗት ወደ ሐይቅ ይወስዳታል። አስፋልቱ የቀኑን ሙቀት መልሶ ይተነፍሳል፤ ዓይኔ በድካም ይከደናል። ሰፈሬ ሎረንስቪል እስክደርስ ከፊቴ አልጠፋችም። ሌላ ሰው ቢሆን ሽርሽር ይታየው ነበር። ለእኔ የታየችኝ እናቴ ናት።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ። እናቴ ነርስ ናት፤ ያን ጊዜ የሌሊት ሺፍት ትሠራ ነበር። አንድ ጠዋት ከሥራ ስትመለስ አሮጌ ጀልባ በሰው መኪና አስጎትታ መጣች። ቀለሟ ተላልጧል፤ ወንበሮቿ ሻጋታ ይሸታሉ። "ለጣና ናት" አለችኝና ገብታ ተኛች።

ምክንያቱን አውቀው ነበር። በወጣትነቷ ጣና ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ስትሠራ፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ከደሴት በታንኳ ሲያመጡ የከሰዓት በኋላው ንፋስ መሐል ሐይቅ ላይ ያዛቸው። ሴትዮዋ እናቴ ዘንድ ስትደርስ በሕይወት አልነበረችም። እዚህ ውጭ አገር መጥታ፣ ድሆችን ከወደብ ወደብ እየዞሩ የሚያክሙ የሆስፒታል መርከቦች እንዳሉ ስትሰማ ያቺ ሴት ትዝ አለቻት። መርከብ የመግዛት አቅም የላትም፤ ጀልባ ገዛች።

የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ግን ጀልባ በግቢ ማቆም ክልክል ነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተነሣች እናስጎትታታለን አለ። ባሕር ዳር ድረስ ለመላክ የተጠየቀችው ደግሞ ከጀልባዋ ዋጋ እጅግ የበለጠ ነበር። ወዳጆቿ ሳቁባት። በተለይ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱት ጋሽ ካሳ ባለፉ ቁጥር ቆም ይላሉ።

"ሲስተር፣ ጀልባውን ገዛሽ፤ ባሕሩስ መቼ ይመጣልሻል?"

"ሹፌሩ እርስዎ አይደሉ? ጭነው ያምጡልኛ!"

መሸነፍ ስለከበዳት ይመስለኛል፣ ጠበል ላስረጫት አለች። "ሰው መኪና ሲገዛ ያስረጭ የለ?" ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ፍልሰታ ጾም። ልብስን ከገላ የሚያጣብቅ የነሐሴ ሙቀት። አባ ከቅዳሴ እንደወጡ መጡ፤ ከተሰበሰበው ሰው እህል የቀመሰ አልነበረም። ጸሎቱ አልቆ ሽሮውንና ምስሩን ሳቀርብ፣ ጀልባዋ ላይ ተቀምጠው የነበሩት ጋሽ ካሳ ሊነሡ ሲሉ አዞራቸው። እናቴ የደም ግፊታቸውን ስትለካ ፊቷ ተለወጠ።

"ኪኒንዎን መቼ ነው የወሰዱት?"

ዓይናቸውን ወደ አባ ጣል አድርገው መለሱ።

"ጋሽ ካሳ!"

"ጾሙ ከገባ ወዲህ ትቼዋለሁ። ጠዋት በውሃ ነው የሚዋጠው። ውሃ ጠጥቼ ምኑን ጾምኩት?"

"ለሐኪምዎ ነግረዋል?"

"ለፈረንጅ ምን ብዬ? ፍልሰታን የት ያውቃታል?"

አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ቀረቡ። "ካሳ፣ እኔን ጠይቀኸኝ ነበር? መድኃኒት ጾም አይሽርም። አሁኑኑ ዋጥ!"

እናቴ ኪኒኑን ከመኪናቸው አስመጥታ አስዋጠቻቸው። "ትንሽ ቆይቼ እለካዎታለሁ፤ ካልወረደ ሆስፒታል ነው የምንሄደው" ብላ እዚያው ጀልባዋ ላይ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። ይኼኔ አንዲት ሴት ቀስ ብላ "እኔም አቁሜያለሁ" አለች። ከኋላዋ የስኳር መድኃኒቱን የተወ ሰው ነበር። ኢንሹራንስ ስለሌለው ለዓመታት ሐኪም ያላየውም መጣ። ሰው ሳህኑን እንደያዘ ወደ ጀልባዋ ተሰለፈ። ተራ የማስጠብቀው እኔ ሆንኩ። ሰው ፊት መናገር ያስጨንቀኛል፤ "ቀጣይ" ስል ድምፄ አይሰማም።

"ጮክ በይ እንጂ ልጄ፣ ላይብረሪ መሰለሽ?" አለኝ አንዱ፤ ሰው ሳቀ።

እናቴ ከሌሊት ሥራዋ ተመልሳ አልተኛችም፤ ማታም ሥራ ገቢ ናት። ግቢና ተኚ ብላት "እነዚህን አቁሜ?" አለችኝ። የጋሽ ካሳን ግፊት ደግማ ለካች፤ መውረድ ጀምሯል። መለኪያውን ከክንዳቸው ሳትፈታ፣ እዚያው እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት።

ጋሽ ካሳ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። "ማንም እንዳይቀሰቅሳት።" ክንዳቸውን ሳያንቀሳቅሱ ተቀመጡ። ያ ሁሉ ሰው በዚያ ሙቀት ድምፅ ሳያሰማ ጠበቃት። ስትነቃ አፍራ ይቅርታ ጠየቀች።

"ሲስተር፣" አሉ ጋሽ ካሳ ሳይቀልዱ፣ "ይቺ ጀልባ ባሕር አትሻገርም። ጣና የምትሄደውን እዚያው ባሕር ዳር እናሠራታለን። እኔ አለሁ።"

"እኔም አለሁ" አለ ከሰልፉ ሌላ ሰው።

በወሩ መጨረሻ የማኅበሩ ሰዎች ጀልባዋን አስጎትተው ወሰዷት። በመዋጮ ባሕር ዳር የተሠራችው ግን ዛሬም በደሴቶቹ መካከል ሐኪምና መድኃኒት ይዛ ትዞራለች። የሆስፒታል መርከብ ናት ለማለት አፍራለሁ፤ ሁለት አልጋ ናት። ጀልባዋን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅታችን እንዴት ተመሠረተ ሲሉኝ ሰዎች ትልቅ ሐሳብ ይጠብቃሉ። ተቀምጣ የተኛችውን እናቴንና ዝም ብሎ የቆመውን ሰልፍ እንዴት ብዬ እንደማስረዳ አላውቅበትም።

ሐሙስ ዕለት ቤት ስገባ እናቴ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። "የጣናዋ ጀልባ የሞተር ዕቃ ከጉምሩክ ወጣ?" አለችኝ ሰላም ሳትለኝ።

"ገና ነው እማዬ። ደክሞኛል፤ ነገ እደውላለሁ።"

"እሺ፣ ነገ" አለች፤ አልተቆጣችም። የደከመው ሰው የጀመረውን የደከመው ሰው ሲቀጥለው ምን ይገርማል? በማግስቱ ከሥራ በፊት፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ጉምሩክ ደወልኩ።